የእሜቴ እንግዳ ልብስ አያጥብም

የወንድሜን ሚስት እኔ በልቤ «እሜቴ» ነው የምላት። እመቤትነቷ ከየት እንደመጣ እንጃ። አባቷ ዘበኛ ነበሩ፣ ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፣ ቤታችንም ሁለት ክፍልና እኔ የምተኛባት የጓሮ ክፍል ናት። ሰው ካየ ግን እሷን የሚያህል ደግ የለም። ሰው ካላየ ሥራው የእኔ ነው፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ እነሱ ዘንድ ስለምኖር እምቢ አልልም።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ የውጭ አገር እንግዳ ላሳድር ብላ የተነሳችው። አንድ ድርጅት በጎ ፈቃደኞችን ከሩቅ አገር እያመጣ በየሰዉ ቤት ያለማምዳቸዋል። ልምምዱ ሲያልቅ ገጠር ጤና ጣቢያ ይመደባሉ፤ እዚያ የሚያበስልላቸውም የሚያጥብላቸውም የለም። ስለዚህ የድርጅቱ አስተባባሪ ለእኛ የደረሰንን ልጅ ይዛ የመጣች ዕለት አንድ ነገር ደጋግማ ነገረችን።

«ምግቡን ራሱ እንዲያበስል፣ ልብሱን ራሱ እንዲያጥብ። በመጨረሻ መጥቼ አየዋለሁ፤ ካልቻለ አይመደብም።»

እሜቴ «እንዴታ» እያለች ራሷን ነቀነቀች። በአንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ልጁ ረጅም፣ ዓይን አፋር፣ ጨዋ ነው። አገሩ ላይ ነርስ ነበር፤ ሥራውን ለቆ ነው የመጣው። አንድ ማታ እራት ላይ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ፣ «ካልተመደብኩ መመለሴ ነው። ለዚህ ብዬ ሁሉን ትቻለሁ» ብሎ ነግሮናል። እሜቴም እዚያው ነበረች፤ ሥጋ እየመረጠች ሰሃኑ ላይ ትቆልል ነበር።

ድንች ሊልጥ ቢላ ሲያነሳ «በሞቴ አስቀምጠው» ትለዋለች። ሰሃን ሊያጥብ ሲነሳ «አፈር ስሆን ቁጭ በል»። ቡታጋዙ አጠገብ ከደረሰማ ጉድ ነው፤ ጎልማሳውን ሰውዬ እንደ ሕፃን «ኡፉ ነው» ትለዋለች። ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ ጠብቃ የለበሰውን ከክፍሉ ትለቅምና ሳፋ ውስጥ ትነክረዋለች። አጣቢዋ ማን ሆነችና? እኔው ነኛ። ማስጫ ገመድ ጓሮ እያለልን፣ በመንገዱ በኩል አዲስ ገመድ አስወጠረች፤ የፈረንጅ ሸሚዝ ለመንገደኛ እንዲታይ ነው። ከማዶ ዳቦ እየጋገረች የምትሸጠው ጎረቤታችን ሳሰጣ ስታየኝ «ባንዲራው ዛሬም ተሰቀለ?» ትለኛለች። እኔም ሌላ ምን እላለሁ፣ «ተሰቅሏል» እላታለሁ።

ወንድሜን «ኧረ ንገራት» አልኩት። መርፌውን ከጥርሱ አውጥቶ «ተያት፣ ደስ ይበላት» አለኝ። ካገባ ወዲህ ከዚህ የረዘመ ነገር ሲናገር አልሰማሁትም።

አንዴ እሷ ገበያ ስትሄድ ሳፋውን ለልጁ ሰጠሁት። ሸሚዙን እንደ ቁስለኛ ቀስ እያለ ያሸዋል፤ ቢሆንም እየለመደ ነበር። ድንገት ተመልሳ እጁ ላይ አረፋ ስታይ ልቧ ሊቆም ነበር። «ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?» ብላ እኔ ላይ ጮኸች። የልጁ ነገር ካስጨነቃት ምነው አንድ ቀን እንኳ «ሳያልፍ ቢቀርስ?» ብላ ብትጠይቅ። የሷ ጭንቀት ሰው ነው፤ በአጥር ላይ አንገቱን የሚያሰግግ ሰው።

የፈተናው ዕለት አስተባባሪዋ በጠዋት መጣች። ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠችና «ማንም እንዳያግዘው» አለች። ልጁ ድንቹን ላጠ፤ ግማሹ ከልጣጩ ጋር ሄደ፣ ግን ላጠው። ቡታጋዙን ለኮሰ። እሜቴ ከንፈሯን እየነከሰች ወንበሯ ላይ ትቁነጠነጣለች። ወጡ መንተክተክ ሲጀምር ልጁ ሳፋውን አቀረበና ቁጢጥ ብሎ ሸሚዙን ማጠብ ጀመረ። በእውነት ደህና ያጥብ ነበር። እኔ እንኳ በልቤ «ይኸው ሊያልፍ ነው» ብዬ ነበር።

ዳቦ ጋጋሪዋ በአጥሩ ብቅ አለች። ለተንኮል አይደለም፣ ነገር መጫር ልማዷ ነው። «ምነው እትዬ፣ እንግዳን ያሠራሉ እንዴ?»

አለቀ። እሜቴ ተስፈንጥራ ተነሳችና ሳፋውን ያዘች። «በኔ ቤት እንግዳ ልብስ አያጥብም።» ልጁ «እማማ፣ እባክዎ» ብሎ አልለቅም አለ። እሷ ስትጎትት፣ እሱ ሲጎትት፣ የሳሙና ውሃው አስተባባሪዋ ጫማ ላይ ተደፋ። ልጁን ገፍታ፣ ሸሚዙን ነጥቃ፣ ጎረቤቷ እያየቻት ማጠቡን ቀጠለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

አስተባባሪዋ ጫማዋን አራገፈች። «ላሳልፈው አልችልም» አለች። «እዚህ ቤት እስካለ ምንም አይለምድም። ወይ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ወይ ሌላ ቤት ገብቶ ከሀ ይጀምራል።»

ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። ለትንሽ ጊዜ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ጋ ክፍል አለች» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ አሁን ቀልዱን ትታ። «ግን እኔ ከሊጥ ጋር ነው የምውለው። ለማንም አላበስል፣ ለማንም አላጥብ።»

«እሺ» አለ ልጁ፣ ሳትጨርስ።

እሜቴ ደነገጠች። «ልጄ፣ ምን አጎደልኩብህ?»

ቃላቱን ፈለገ። «ምንም አላጎደሉብኝም፣ እማማ። እኔ የምሠራው ግን አላስተረፉልኝም።» ከዚያ ጎንበስ አለና ሸሚዙን እንደተንጠባጠበ ከእጇ በቀስታ ወሰደ። ይዞት በሩን ወጣ፤ አስተባባሪዋም ተከተለችው።

እሜቴ አረፋ የሞላ እጇን ዘርግታ ግቢው መሃል ቀረች። ደጃፉ ላይ የሚሰፋው ወንድሜ ዓይኑን ከስፌቱ አላነሳም። አላዘንኩላትም፤ ያዘንኩት ለልጁ ነበር፣ አሁን እሱም ሄደ። ወደኔ ዞረችና «ምን ትገተሪያለሽ፣ ውሃ አፍስሺልኝ እንጂ» አለችኝ።

«ቧንቧው እዚያ ነው» አልኳት።