ለቱፋ ያላደረስኩት ቃል

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየዐቢይ ጾሙ እፊታቸው ተንበርክኬ ስካሬን፣ ሐሜቴን፣ በጾም ቀን የቀመስኩትን ሳይቀር እዘረዝራለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ለምን እንደሚተሳሰር አሳምሬ አውቃለሁ። አባ ስግደት ቢያዙኝ እሰግዳለሁ፤ ጾም ቢጨምሩብኝ እጾማለሁ። እሳቸው ግን ይህን ቢሰሙ «ሂድና ለሰውየው ንገረው» ነው የሚሉኝ። እሱን አልችልም። ስለዚህ ዓመት በዓመት ግማሹን ተናዝዤ፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተብዬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ መናገር የቀለለኝ ለዚህ ነው። ይህም ራሱ ፍርሃት መሆኑ አይጠፋኝም።

ካቦ ነበርኩ። ጣልያን ጥሎልን ከሄደው ቃል አንዱ ይኸው ነው፤ የሠራተኛ አለቃ ማለት ነው። ተወልጄ ያደግሁት አሰላ ነው። ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ላይ በበጋ ሕፃን የሚሻገረው፣ በክረምት በሬ የሚወስድ ወንዝ ነበር። እዚያ ላይ የድንጋይ ድልድይ እንድንሠራ ታዘዝን። ከእኔ በፊት የነበረው ካቦ ጀምሮት ጎርፍ ወሰደበት፤ እሱም ተባረረ። መሐንዲሱ ሥራውን ሲያስረክበኝ፣ «ክረምት ሳይገባ ቅስቱ ካልገጠመ ያንተም ዕጣ ይኸው ነው» አለኝ። የድንጋይ ቅስት እስኪገጥም ድረስ በእንጨት ድጋፍ ላይ የተኛ ነገር ነው። መሐል ላይ የመጨረሻው ድንጋይ ሲገባ ራሱን ይችላል። ከዚያ በፊት ጎርፍ ከመጣ እንጨቱንም፣ ድንጋዩንም፣ የሰዉንም ድካም ጠራርጎ ይሄዳል።

ዓመቱ ክፉ ነበር። በልጉ ያለ ልክ ዘነበ። በዚያ ላይ ተስቦ ገባብን። ሰዎቼ በየድንኳኑ ወድቀው በትኩሳት ይቃዣሉ፤ የቀበርነውም አለ። ደኅነኛውም ቢሆን እርሻ ደርሶበታል፣ ሞትም ፈርቷል፤ ማታ አብሮን ያመሸው ጧት ይታጣል። እኔ ምን አደረግሁ? ደግ አለቃ ሆንኩ። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ካፖርቴን አውልቄ ለታመመ አለበስኩ። ከነሱ ጋር ቆሎ ቆረጠምኩ፣ ከነሱ ጋር ድንጋይ ተሸከምኩ። የቱን ብቆጣው እንደሚነሣ፣ የቱን ባሞግሰው እንደሚበረታ ለይቼ ያዝኩ። ታዲያ ያ ሁሉ ደግነት ለሰዎቹ ነበር ወይስ ለድልድዩ? ያን ጊዜ ቢጠይቁኝ ለሰዎቹ ነው ብዬ እምል ነበር። ዛሬ ግን አልምልም።

የዚያ ሥራ ነፍስ ቱፋ ነበር። ከጎበሳ ወዲያ ካለ አገር የመጣ የአርሲ ልጅ ነው፤ ሳጉሬ ሚስት አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ ወልዷል። ትልልቁን ድንጋይ በገመድ ስንጎትት እሱ በኦሮምኛ ዜማ ያወጣል፣ ሰዉ ይቀበላል። እሱ ሲያወጣ ገመዱ ይሄዳል፤ እሱ ዝም ሲል ገመዱም ይቆማል። በዜማው መሐል ሰነፉን በስሙ እየጠራ ያሾፍበታል፤ የኔን ቦርጭ ሳይቀር ይዘፍንበታል። ከትኩሳቱ ገና ያላገገመ ሰው ድምፁን ሰምቶ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን ራሱ ቱፋ አሞት ቢተኛ ድንጋይ የሚባል ሳይነቃነቅ ዋለ። እኔ ለመንኩ፣ ተሳደብኩ፣ ዘፈንኩም፤ ሳቁብኝ። ቱፋ ከሄደ ሰዉ እንደሚበተን ያን ዕለት ገባኝ።

ቱፋ አባቱ የረገሙት ልጅ ነበር። የነገረኝ ራሱ ነው። አባቱ ኦቦ ደቀቦ መሬትና ከብት ያላቸው፣ በአገራቸው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ቱፋ ከብቱን ጥሎ መንገድ ሥራ ሲገባ፣ «ከደጄ ውጣ፤ የያዝከው አይባረክልህ» ብለው ረገሙት። በአርሲ የአባት እርግማን ተራ ነገር አይደለም። ልጁ ስታስል እርግማኑ ነው ይላል፤ ላሙ ብትነጥፍ እርግማኑ ነው ይላል። «ካቦ፣ አባቴ አንድ ቀን እንትፍ ብለው ቢመርቁኝ፣ ከዚያ ወዲያ ምን እፈልጋለሁ?» ይለኝ ነበር። ይህን የሚነግረኝ እንደ ታላቅ ወንድሙ ቆጥሮኝ ነው።

ቅስቱ ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ አንድ ነጋዴ በቅሎዎቹን እየነዳ ድንኳኔ ደጅ ቆመ። የአቦምሳ ሰው ነው፤ ከጎበሳ እህል ጭኖ ወደ አሰላ ያልፋል። ሰዎቼ በሙሉ ድንጋይ ማውጫው ላይ ነበሩ።

«ቱፋ ደቀቦ የሚባል እዚህ አለ?» አለኝ።

«አለቃው ነኝ። ምን ነበር?»

«አባቱ ታመዋል፤ የሚተርፉ አይመስለኝም። ቤታቸው አድሬ ነበር። ልጆቹ ወጣ እስኪሉ ጠብቀው እጄን ያዙኝና፣ ‹ቱፋን ጥራልኝ፤ ሳልመርቀው አልሙት› አሉኝ። ‹ለነዚህ እንዳትናገር፤ መሬቱን ስለሚፈልጉት አያደርሱልኝም› ብለውኛል። የሌላ እናት ልጆች ናቸው መሰለኝ። ብቻ አደራ አሉኝ፤ እንባቸው ወረደ።»

እኔ ምን አልኩት? «እሺ፣ እነግረዋለሁ» አልኩት። «በገዛ በቅሎዬ ነው የምልከው» አልኩት። እንዳይቆይ፣ ቱፋን እንዳያገኘው ደግሞ፣ «አንተ ግን ቶሎ እለፍ፤ እዚህ ተስቦ ገብቷል» ብዬ አስፈራራሁት። ሰውየው ደንግጦ በቅሎዎቹን ነዳ። መንገድ ከጀመረ በኋላ ዞር ብሎ፣ «እንግዲህ አደራው ባንተ ነው!» ብሎ ጮኸ። እጄን አውለበለብኩለት።

ከዚያ ወደ ሥራው ወረድኩ። ቱፋ ዜማ እያወጣ ነበር። ሲያየኝ ስሜን በዜማው አስገባት፤ ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አባቱ ሞት አፋፍ ላይ ሆነው ይጠሩታል፤ እኔ ፊቱ ቆሜ ሳቅሁ!

ቅስቱ ይግጠምና እነግረዋለሁ አልኩ። ሽማግሌ ቶሎ አይሞትም አልኩ። ማታ ለብቻው እራት ሲበላ አገኘሁት፤ አልነገርኩትም። በማግስቱ አጠገቤ ቆሞ ውሃ ጠጣ፤ አልነገርኩትም። ዝናብ አባሮን አንድ ድንኳን ውስጥ ተጠልለን ዋልን፤ አልነገርኩትም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ መናገር ብፈልግ ቀን አላጣሁም። ለሰዉ ሁሉ ብዬ ነው እንዳልል ማንም አልላከኝም። እንጀራዬን ፈርቼ ነው እንዳልል፣ እውነት ነው ፈርቻለሁ፤ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ይበልጥ የፈራሁት «አቃተው» መባልን ነው። ያኛው ካቦ ያልቻለውን እኔ ቻልኩ እንዲባልልኝ ፈለግሁ። ለዚህች ለዚህች ስል የአንድ አባት ምርቃት ከልጁ ላይ ነጠቅሁ።

ቅስቱ ገጠመ። ሰዉ ጨፈረ፤ ቱፋን ትከሻ ላይ አውጥተው ዞሩ። ጠላ አስመጣሁ። በማግስቱ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር፤ ቢያንስ እንዲህ አስቤ ነበር እያልኩ ለብዙ ጊዜ ራሴን ሸንግያለሁ። በማግስቱ ከሰዓት አንድ የቱፋ ዘመድ ከጎበሳ መጣ። ኦቦ ደቀቦ ሞተው ተቀብረዋል።

ወግ አዋቂው እኔ፣ መርዶ በምሽት አይነገርም ብዬ ሰውየውን ደብቄ አሳደርኩ። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን ሠራተኞች ሰብስቤ ቱፋን ቀሰቀስነው። የተናገርኩት እኔ ነኝ። መሬት ላይ ተፈጠፈጠ። «ሳይታረቁኝ! ሳይታረቁኝ!» እያለ አለቀሰ። ደግፌ ያዝኩትና፣ «ተው ቱፋ፣ አባት ናቸው፤ ሊመርቁህ ፈልገው ነበር እኮ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እግዜር ይስጥዎ ካቦ፣ ሊያጽናኑኝ ብለው ነው። ምርቃት ግን በልብ አይሆንም፤ በአፍ ነው፣ በምራቅ ነው» አለኝ።

እውነቱን የተናገርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ማጽናኛ ብሎ ወሰደው። «አይደለም፣ ሰው ልከውብህ ነበር፤ የደበቅሁብህ እኔ ነኝ» ለማለት አፌን ከፈትኩ? አልከፈትኩም። አቅፌው አለቀስኩ። እንባውም እውነት ነበር፤ ይህ ነው ዛሬ ድረስ የሚያስጠላኝ።

ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ ወንድሞቹ፣ «እስኪሞቱ ስምህን አላነሡም» እንዳሉት ነገረኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ከመሬቱም አልሰጡትም፤ የተረገመ አይወርስም ብለውታል። የአባቱን አደራ የሚያውቅ ሰው ምስክር ሆኖ ቢቆምለት ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። ያ ምስክር እኔ ነበርኩ።

እኔ ግን ተሾምኩ። ሰው መምራት ያውቃል ተባለልኝ። አዲስ ካቦ በተቀጠረ ቁጥር እኔ ዘንድ ይላካል፤ «ሠራተኛህን እንደ ወንድምህ ያዝ፤ ያኔ ተራራ ቢሆን ይገፋልሃል» እያልኩ አስተምራለሁ። ደብተር አውጥተው ይጽፉታል።

ያንን ነጋዴ ቆይቼ አሰላ ገበያ ላይ አገኘሁት። እሱ ነው ያወቀኝ። «ያ ልጅ ደረሰላቸው?» አለኝ። «ደረሰ፤ መረቁት» አልኩ። «አልሐምዱሊላህ! ሲከነክነኝ ነበር» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ይኸው ነው፤ እሱን አሳረፍኩት።

ከዚያ የቱፋ ልጅ ደረሰች። በሠርጓ ጠራኝ፤ ሳጉሬ ሄድኩ። ከሽማግሌዎቹ በላይ አስቀመጠኝ። ሙሽሮቹ ለምርቃት ሲቀርቡ ሰዉ ሁሉ ቱፋን አየ። አባት ነው፤ ቀድሞ የሚመርቀው እሱ ነው። እሱ ግን ተነሥቶ ወደኔ መጣና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ካቦ፣ እርስዎ ይመርቁልኝ። ያልተመረቀ አፍ አይመርቅም፤ የኔ እርግማን ለልጄ እንዳይተርፋት እፈራለሁ» አለኝ።

ቆምኩ። ያን ጊዜ ብናገር ምን ነበረ? ሽማግሌው ሞልቷል፣ ሰው ሞልቷል፤ የአባቱን አደራ በሁለት ቃል ባሰማቸው ሽማግሌዎቹ እርግማኑን ያነሡለት ነበር። «ውለዱ፣ ክበዱ፣ ልጆቻችሁ ይጡሯችሁ» አልኩ። «አሜን» አሉ። ራሳቸው ላይ እንትፍ እንትፍ አልኩ። ቱፋ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመና፣ «በአባቴ እግር ቆሙልኝ» አለኝ። ምሳ ቀረበ፤ በላሁ። የጎደለኝ ነገር አልነበረም።

ይቅር በሉኝ አልልም። እናንተን ምን በድያችሁ? የበደልኩት ሰው ስሙም፣ ቤቱም ይታወቃል፤ በቅሎ አለኝ፤ ጤናም ሞልቶኛል። ከእግዚአብሔርም ቢሆን በዚህ ጉዳይ ምሕረት ለመለመን ፊት የለኝም፤ «መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ» ይለኛላ። ይህን መጻፌንም ለጽድቅ አትቁጠሩልኝ። ቱፋ ማንበብ እንደማይችል አውቄ ነው የጻፍኩት።

ትናንት ሰው ልኮብኝ ነበር። ሁለተኛይቱ ልጁ ልታገባ ነው፤ እንድመርቅለት ይለምነኛል። እመጣለሁ ብዬ ልኬለታለሁ።