ልጄ ጠፋችብኝ ያለቻት ሚሞሪ

ይህን ነገር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ። ለባሌ አልነገርኩትም፤ በመጨረሻው ሳምንት አልጋው አጠገብ ተቀምጬ እንኳ አልነገርኩትም። አብረውኝ ለሚጸልዩ እህቶችም አልነገርኩም። ብቻዬን ስጸልይም "የማውቀውንም የማላውቀውንም በደሌን" እያልኩ ዙሪያውን ዞሬ አልፈዋለሁ። የማላውቀው አልነበረም። አውቀው ነበር። አንባቢ ሆይ፣ እንድታዝንልኝ አልጽፍም። ያደረግኩትን እኔ አድርጌዋለሁና፣ በእኔው እጅ ይጻፍ ብዬ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ሐዋሳ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ወረቀት እንዳይጠፋ መጠበቅ ነበር። ባለቤቴ ዳንጊሶ ከቱላ አልፎ ሽቅብ ሲወጣ ከሚገኝ ደጋ የተወለደ ሲዳማ ነው፤ እኔ ወላይታ ነኝ። ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛ ነበር። ሲዳሙ አፎውን፣ የሲዳማ ቋንቋውን፣ ለወንድሞቹና ለእህቱ ያስቀምጠዋል። ምእመናን መርጠውት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሆኖ ብዙ ዓመት አገልግሏል። ዝምተኛ ሰው ነበር። እኔም ዝምተኛ ነኝ። ሁለት ዝምተኞች አንዲት ተናጋሪ ልጅ ወለድን፤ ሶስናን።

ሶስና ያኔ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ እንግዳ ላይ ያገለገለች ትንሽ ካሜራ ገዛች። ካሜራዋ የክብሪት ቀፎ ብታክል ነው። ውኃ አይገባትም፤ ብትወድቅም አትሰበርም። ሶስና በእረፍት ቀኗ በማንገቻ ደረቷ ላይ ታስራት ትወጣና፣ በባጃጅም በጀልባም በእግርም የዞረችበትን ሁሉ ትቀዳለች። አንድ ጊዜ ዓሣ ገበያው ጋ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ መጥቶ ካሜራዋን በመንቆሩ ሲቆረቁራት ቀድታ አመጣች። ያን ቀን ባለቤቴ መነጽሩን አውልቆ ካሜራዋን እያገላበጠ አየና፣

"ይህቺ ደግሞ ምኗ ካሜራ ነው? ዓይኗ የአይጥ ዓይን ያህላል" አለ።

"አንተን ለመቅዳት ይበቃል አባዬ።"

"እንግዲያው አገሬ ወስደሽ ቅጂኛ።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው የፍቼ በዓል ሲደርስ ሁለቱ ተነሡ። እኔን ሲጠይቁኝ ጉልበቴን አመመኝ አልኩ። ጉልበቴ ደህና ነበር። በበዓሉ ሰሞን መሄዱን አልወደድኩትም። በዚያን ጊዜ በእኛ ምእመናን ዘንድ ፍቼ ክርክር ነበረበት። ባህል ብቻ ነው የሚል ነበር፤ የድሮው እምነት ነው፣ አማኝ አይቆምበትም የሚልም ነበር። ሽማግሌ ከዚያ መሐል ቢታይ ምን ይባላል? እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ወይም ይህ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

በሦስተኛው ቀን ጫማቸው ጭቃ ለብሶ ተመለሱ። ማታውኑ ሶስና ካሜራዋን ከላፕቶፕዋ ጋር አገናኝታ ጠራችኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አየሁት። አንዴ ብቻ ነው ያየሁት። አንዴ ብቻ ለማየቱም ምክንያቱ እኔው ነኝ።

መጀመሪያ ላይ ካሜራዋ የታሰረችው እሱ ደረት ላይ ነበር። ስለዚህ እሱ አይታይም፤ እጆቹ ናቸው የሚታዩት። ዳገቱን ሲወጣ ትንፋሹ ይሰማል። እጁ አጥር ይከፍታል። በእንሰቱ መካከል ሲያልፍ ቅጠሉን የልጅ ራስ እንደሚዳብስ ሰው ይዳብሰዋል። ከዚያ ታላቅ እህቱ እየሮጠች ትመጣና ስታቅፈው ሁሉ ነገር ይጨልማል፤ ለቅሶና ሳቅ ብቻ ይሰማል። አመሻሹ ላይ ከርጥብ እንጨት የታጠፈ ቅስት ይታያል። የአገሩ ሰው ወደ አዲሱ ዓመት ሲሻገር በእሱ ሥር ያልፋል። እጆቹ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አለፈ።

በማግሥቱ አደባባዩ ላይ ሶስና ካሜራዋን ከእሱ ወስዳ እሱን ራሱን ቀዳችው። ወንዶቹ ተሰልፈው እየዘፈኑ ይዘላሉ። እሱ ኮቱን እንደለበሰ ዳር ቆሟል። አንድ ሽበታም ሰው እጁን ያዘው። ገባ። ዘለለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ከነሱ ጋር ተቀበለ፤ ሳቀም። የፊት ጥርሱ ከወለቀ ጀምሮ ሲስቅ በእጁ ይሸፍን ነበር፤ እዚያ ግን አልሸፈነም።

"ይህን ሰው ሁሉ ሊያየው ነው?" አልኩ።

"አዎ፤ እሑድ ኢንተርኔት ላይ እለቀዋለሁ" አለች ሶስና።

"አባትሽ ሽማግሌ ነው።"

"ሽማግሌ አይዘልም እንዴ?"

ባለቤቴ ከወንበሩ ላይ ሆኖ እግሩን እያሸ ነበር። "ዛሬ የሚፈርድብኝ ጉልበቴ ነው" አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ፣ "እኔ ከጌታዬ የደበቅኩት ነገር የለም። ይታይ" አለኝ።

ሐሙስ ጧት ሶስና ሥራ ገባች፤ እሱ ስብሰባ ሄደ። ካሜራዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ቪዲዮው የተቀዳባትን ሚሞሪ እንዴት እንደምታወጣት አይቻለሁ። በጥፍሬ ጫን ሳደርጋት ብቅ አለች። ላፕቶፑ ሞልቶ ስለነበር ቪዲዮውን ገና አልገለበጠችውም፤ ይህንንም አውቅ ነበር። ሚሞሪዋን ጓሮ ወስጄ ሽንት ቤት ጣልኳት። የጣልኳት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ የለም፤ የመከረኝም የለም። ተመልሼ ምሳ ሠራሁ።

ይህ የመጀመሪያው በደል ነው። የባሰው ማታ መጣ።

ሶስና ካሜራዋን ከፍታ ባዶ ስታገኛት ቤቱን ገለባበጠችው። እኔም አብሬያት ፈለግሁ። ፍራሽ አነሣሁ፤ ምንጣፍ አራገፍኩ፤ የተጠረገውን አቧራ በጣቴ በተንኩ። ያልጠፋ ነገር እንዲህ ተግቶ የሚፈልግ ሰው ምን ይባላል? ሲደክማት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ "ምናልባት በጓደኛዬ ኮምፒዩተር ልገልብጣት ብዬ ኪሴ ከትቻት ይሆን?" አለች።

"ይሆናል" አልኩ።

ከዚያም ጨመርኩ። "አንቺ እኮ ዕቃ አትይዢም።"

ያላደረገችውን ነገር አድርጋዋለች ብዬ አሳመንኳት። በሁለት ቃል። ባለቤቴ ከሳሎን ሰምቶ፣ "ተዪው ልጄ፤ ለሚቀጥለው ፍቼ እንደገና እንሄዳለን" አላት። እኔን አላየኝም። አውቆ ነበር? ዛሬም አላውቅም።

የሚቀጥለው ፍቼ ሳይደርስ ደም ግፊት ጣለው። ለልቅሶው እህቱ ከደጋው ወርዳ ከሶስና ጎን ተቀመጠችና፣ ያን የተቀዳውን አሳዪኝ፣ ድምፁን ልስማው አለቻት። ልጄ መሬት ላይ ተደፍታ፣ "ጣልኩት አክስቴ፤ የአባዬን ሳቅ እኔ ጣልኩት" አለች። ከእሷ አንድ ክንድ ርቄ ተቀምጬ ነበር። በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ለቀስተኛው ኀዘኔ የበረታ መሰለው።

ሶስና ካሜራዋን ለሰው ሰጠች። ከዚያ ወዲያ ጉዞም ቀረጻም አቆመች። ከቤት ስትወጣ ቦርሳዋን ሦስት ጊዜ ትፈትሻለች። በሩን ቆልፋ ከደጅ ትመለሳለች። ስታገባ ለባሏ፣ "ለእኔ ዕቃ አትስጠኝ፣ እጥላለሁ" ስትለው ሰምቻለሁ። የቤተሰብ ቀልድ ሆነ። እኔም ከሚስቁት ጋር ሳቅሁ።

አሁን ደግሞ ለራሴም ሳልነግር የኖርኩትን ልጻፍ። ሚሞሪዋን የጣልኩት ስለ ምእመናን ብዬ አይደለም። ምእመናን ቢያወሩ ሁለት ሳምንት ያወራሉ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ያ ሳቅ ነው ያቃጠለኝ። እኔ በሌለሁበት፣ በማልችለው ቋንቋ፣ ጥርሱን ሳይሸፍን ሳቀ። ብሄድ ኖሮ አጠገቡ እሆን ነበር። አልሄድኩም። አለመሄዴን ይቅር ማለት ቢያቅተኝ ሳቁን ጣልኩት። ይህ ምክንያት ነው እንጂ ሰበብ አይሆነኝም።

ባለፈው ወር ሶስና ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ቤቷ መጣች። ባሏ አዲስ ካሜራ ገዝቶላታል፤ ያችን የመሰለች፣ ትንሽ። የልጄ ዓይን እንደ ድሮው በርቶ ነበር። "እማዬ፣ ዘንድሮ ለፍቼ የአባዬ አገር እንሂድ። ጉልበቴን ብትዪ አልሰማሽም" አለችኝ። ከቦርሳዋ ትንሽ የላስቲክ ሣጥን አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረች። ውስጡ ሁለት ሚሞሪ ነበር።

"እነዚህን አንቺ ያዢልኝ። እኔ እጥላለሁ። አንቺ መዝገብ ቤት ነሽ።"

ሣጥኗ ምንም አትመዝንም። መያዝ ግን አልቻልኩም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳትና፣ "ያችን ሚሞሪ አንቺ አልጣልሻትም። እኔ ነኝ" አልኳት።

ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ፊቴን ስታይ ፈገግታው ጠፋ።

"የት?"

"ሽንት ቤት።"

"ስንፈልግ... አብረሽኝ ስትፈልጊ?"

"አዎ።"

ሣጥኗን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ልሂድ" ብላ ሄደች። ቦርሳዋን ሳትፈትሽ ወጣች፤ ይህን ልብ አልኩ።

ስምንት ቀን አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ይቅርታ ለመለመን መሯሯጥ ደግሞ የእኔን ልብ ማሳረፊያ እንዳይሆን ፈራሁ። ነገር ግን፣ ብናገር ይገርማል፣ በእነዚያ ስምንት ቀናት እንቅልፍ ተኛሁ። ልጄ ተቆጥታኛለች፤ የተቆጣችው ግን በራሷ ላይ አይደለም። ቁጣዋ ወደሚገባው ሰው፣ ወደ እኔ ተመልሷል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ገብታ ተቀመጠች።

"አልበረደልኝም" አለች።

"ይገባኛል።"

"ግን አንድ ነገር ፈልጌ መጣሁ። ያን ቪዲዮ ካንቺ በቀር በደንብ ያየው የለም። አባዬ እንኳ እግሩን ሲያሽ ነበር። እኔ ደግሞ አደባባዩ ላይ ስቀዳ እሱን አላየሁትም፤ እጄ እንዳይናወጥ ነበር የማየው። በላፕቶፑም ስናየው አንቺን አንቺን ነበር የማይሽ። አንቺ ግን ዓይንሽን አልነቀልሽም።" ካሜራዋን አውጥታ ከስኳሩ ጣሳ ጋር አስደገፈቻት። "ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ።"

ትንሿ ቀይ መብራት በራች። ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ካሜራ ፊትማ ተቀምጬ አላውቅም። በመጀመሪያ ስሜን ተናገርኩ። ቀጥሎ ቪዲዮውን የጣልኩት እኔ መሆኔን፣ ሶስና አለመሆኗን፣ ለምን እንደጣልኩትም ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ እጆቹን ነገርኳት። ትንፋሹን፣ የእንሰቱን ቅጠል፣ ቅስቱ ዘንድ ሲደርስ መቆሙን ነገርኳት።

"ኮቱን አውልቆ ነበር እንዴ?" አለች።

"አላወለቀም። የላይኛውን ቁልፍ ብቻ ነው የፈታው።"

"እና እንዴት ዘለለ?"

በቃል ሊገለጽ አልቻለም። ተነሣሁ። የወንበሩን መደገፊያ ይዤ፣ መጀመሪያ በቀኝ እግሩ እንደ ማንከስ እያለ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያነሣ አሳየኋት። እኔ ያነሣሁት ተረከዜን ብቻ ነው። ልጄ ሳቀች። "አባዬን ነው እንጂ ዶሮ አሳዪኝ አልኩሽ?" አለች። እሷ ስትስቅ እንባዋ ወረደ፤ እኔ ግን እንዳይቋረጥ መናገሬን ቀጠልኩ።

አንድ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ስጨርስ ካሜራዋን አጥፍታ በላፕቶፕዋ መጀመሪያውን ከፍታ አየችው። የገዛ ፊቴን አየሁ፤ ያረጀ፣ ቀጥ ያለ ፊት። ለነገ ሳትል እዚያው ፊቴ ሁለት ቦታ ገለበጠችው። በፍቼ ስንሄድ ለአክስቷ ይዛላት ልትሄድ ነው። ድምፁ ባይኖርም ነገሩ ይድረሳት አለች።

ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አኖረች። "ይህን የመጀመሪያውን ግን፣ ስለ ሚሞሪዋ የተናገርሽውን፣ ልቁረጠው? ዘመድ ሁሉ ነው የሚያየው። እጆቹ ጋ ብጀምረው ይበቃል።"

ለእኔ ብላ ነው። ያን ያህል ልብ ለእኔ ተርፏታል፤ ይህን አልጠበቅሁም። ለዘጠኝ ዓመት የተሸከመችውን ግን ሰው ሁሉ እያየ ነው የተሸከመችው። ሲወርድላትም ሰው ሁሉ ማየት አለበት።

"አትቁረጪው" አልኳት።