የሑዳዴ በሶ

ወንድሜ ጌትነት ያን በሶ ሲጎርስ ቅቤ እንዳለበት አውቆ ነበር ወይስ ሳያውቅ? ጸጉሬ ከሸበተ በኋላም መልሱን አላገኘሁትም። ደብረ ታቦር ገበያ በቅቤ ተራ ባለፍኩ ቁጥር፣ በቅጠል የተጠቀለለው ለጋ ቅቤ ሲሸተኝ እግሬ ይቆማል፤ ባለቅቤዋም ልገዛ የቆምኩ እየመሰላት "ቅመሺው እንጂ እታለም" ትለኛለች።

ጌትነት ብረት አንሺ ነበር። የመጀመሪያው ብረቱ ግን ብረትም አልነበረም፤ ሁለት የዘይት ጣሳ ስሚንቶ ሞልቶ፣ በአሮጌ የውሃ ቧንቧ አገናኝቶ፣ ጓሯችን ውስጥ ሲያነሳና ሲያወርድ ይውላል። አባባ "ይህን ጉልበት ይዘህ ጉና ብትወጣ ያገሩን ገብስ ባጨድክ" እያሉ ይስቁበት ነበር፤ የዞኑ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ግን ሳቃቸው ቀነሰ።

በዚያ ዓመት ከይፋግ ሽማግሌዎች እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጡ። ፊደል የቆጠርኩት ጌትነት ሲያጠና ከጎኑ ተቀምጬ ነው እንጂ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ጌትነት በሽማግሌዎቹ ፊት ተነሥቶ "አባባ፣ የክልሉን ውድድር ካሸነፍኩ እሷ ትማር፤ ከተሸነፍኩ አፌን እዘጋለሁ" አለ። አባባ ከማን አንሼ ብለው ቃል ሰጡ፤ ሽማግሌዎቹም ውጤቱን ሊጠብቁ ተመለሱ።

ውድድሩ በሑዳዴ ላይ ዋለ። ጌትነት ደግሞ ቀኑን ሳያጋምስ የማይቀምስ ጿሚ ነበር፤ አንገቱ ሰለለ፣ ከጾሙ በፊት እንደ ቀልድ ያነሳው የነበረው ክብደት ከደረቱ ላይ ይመለስበት ጀመር። በውድድሩ ዕለት ጠዋት ወደ ጓዳ ስገባ እማዬ የገብስ በሶ ትጨብጣለች፤ እንደ ወትሮው በኑግ አይደለም፣ ለፋሲካ ባስቀመጠችው ቅቤ ነው። በጾም ቅቤ የነካውን ቢላ እንኳ የማታስነካኝ እናቴ ናት እንግዲህ። ቀና አለችና "ኃጢአቱ የእኔ ነው። አንቺ አላየሽም" አለችኝ።

ከቅዳሴ መውጫ በኋላ ጌትነት ውድድሩ የሚካሄድበት አዳራሽ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ጎረሰ። መንጋጋው አንዴ ቆመ። አየኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ ፍርፋሪውን ሳይቀር ጨረሰና ተነሣ።

ብረቱን ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቴም ጣለው። ከኋላዬ አንዱ "ጾሙ ገደለው ባክህ" ሲል ሌላው "ተው እንጂ፣ አንድ ቀርቶታል" አለው፤ እኔ ነጠላዬን ነክሼ ይፋግ የሚጠብቀኝን የማላውቀውን ቤት አስባለሁ። በሦስተኛው ብረቱ ደረቱ ላይ ወጣ፣ አንድ እርምጃ ተንገዳግዶ ቆመ፤ ክንዱ ተዘረጋ፣ ዳኛው "አውርድ" እስኪለው ድረስም አልታጠፈም።

በመስከረም ወገቤ ከሚደርሱ ልጆች ጋር አንደኛ ክፍል ገባሁ። እሱ እስከ አገር ሻምፒዮንነት ደረሰ፤ ከተማው ግን በጾም ጉልበት ያነሳውን ያን ብረት ነው ሲያወራ የኖረው። እማዬ ዝም እንዳለች አረፈች። እኔም ዝም አልኩ።

ባለፈው ሑዳዴ ጌትነት ከዓረብ አገር የተመለሰች ትርንጎ የምትባል ወጣት ሲያሠለጥን ልጠይቀው ሄድኩ። የእሱን ታሪክ ሰምታ ለውድድር ስትጾም የከረመች ልጅ ናት፤ ብረቱን ከጉልበቷ ሳታሳልፍ ዓይኗ ዞረና ተንበረከከች። "ቻይው፣ እኔም እንዲህ ነበርኩ" አላት።

ያን ጊዜ ወደ ጥግ ስቤ ነገርኩት። "ያን ቀን በሶው በቅቤ ነበር ጌትነት። እማዬ ናት።"

አውቅ ነበር አላለኝም፤ አላውቅም ነበርም አላለኝም። ወደ ትርንጎ ተመልሶ "የነፍስ አባትሽን አማክሪ፤ እህል በልተሽ እስክትጠነክሪ ብረት አትነኪም" አላትና ሸኛት። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠ።

"እማዬ በየሑዳዴው ጉልበቷ እስኪላጥ ትሰግድ የነበረው ለዚህ ነው?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

"እሷ እያለች ብትነግሪኝ" አለ፣ "ስግደቱን እካፈላት ነበር።"