የማንጎ ሰሞን ጓደኞች

ደጊቱ ከባምባሲ አሶሳ በሚኒባስ እየተመላለሰች ነው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው። ክፍል እንዳለቀ ወደ መናኸሪያ ስለምትሮጥ፣ የዶርም ልጆች ስሟን እንኳ አያውቁም፤ «ያቺ የሚኒባሷ» ነበር የሚሏት።

ግንቦት ላይ እናቷ ከጓሯቸው ማንጎ ለቅማ አንድ ፌስታል ሙሉ አስያዘቻት። በዚያው ቀን «ደጊዬ» ሆነች! አጠገቧ ለመቀመጥ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። አንዷማ ጭማቂው እስከ ክርኗ እየወረደ «አንቺ እኮ እህቴ ነሽ» ብላ ማለችላት።

ማንጎው አለቀ። ለቡድን ሥራ ሲመዳደቡ «አንቺ ሩቅ ነሽ፣ አትመቺንም» ተባለች፤ ይህን ያለቻት ያችው እህት ተብዬዋ ናት።

ኅዳር ላይ እናቷ «እነዚያ ጓደኞችሽ ምነው ጠፉ?» ብላ ጠየቀቻት።

ደጊቱ ጓሮ ወዳለው ዛፍ ቀና ብላ አየችና፣ «አልጠፉም፤ ገና አላበቡም» አለቻት።