ይቺ ትናገራለች

ግንቡ ከወደቀም በኋላ የሰቆጣ ባጃጅ ተሳፋሪ «ግንቡ ጋ ወራጅ አለ!» ማለቱን አልተወም። ግንብ የምንለው የደብራችንን ደወል ቤት ነው፤ በድንጋይና በጭቃ የቆመ፣ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ማን እንደሠራው ሽማግሌዎች እንኳ የማይስማሙበት። ክረምት ላይ ውሃ ገብቶበት አንድ ከሰዓት በኋላ ተናደ። ሰው አልጎዳም። የጠፋው የድንጋይ ደወሉ ነበር፤ ከብረቱ ደወል በፊት የነበረው፣ በትንሽ ድንጋይ ሲመቱት የሚጮኸው ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ።

የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት በአባቴ እጅ ነበር። «ከፍርስራሹ ሥር ይገኛል» ሲል ቆየ፤ ፍርስራሹ ተነሥቶ ግንቡ እንደገና መሠራት ሲጀምር ግን ደወሉ የለም። በግልጽ የከሰሰው አልነበረም፤ ሰላምታው ነው ያጠረው። ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለ ሰው በስተርጅና ሌባ ሊባል ነው ብዬ ውስጤ ነደደ። ሌባውን እኔው ልፈልግ ተነሣሁ።

ሰው የማመን ችግር አለብኝ። ሽንኩርት ሲመዘንልኝ እንኳ የማየው የነጋዴዋን ጣት ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ዓይኔ ከደሃና በመጣው ሽማግሌ ግንበኛ ላይ አረፈ። እያንዳንዱን ድንጋይ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ያዘነብላል። ከሠራተኞቹ ጋር በኽምጣንጋ ያወራል፤ እኔ የእናቴን ቋንቋ ሳልማር ያደግሁ ስለሆንኩ የማይገባኝ ሁሉ ስለ እኔ ይመስለኛል። ኽምጣንጋ ለማይሰማው አንድ ሠራተኛ ሲል አልፎ አልፎ አማርኛ ይቀላቅላል።

አንድ ቀን ለአባቴ ምሳ ይዤ ስገባ ሠራተኞቹን «ቀስ በሉ! ይቺ ትናገራለች» ሲላቸው ሰማሁ።

በቃ! የሚደብቁት ባይኖር መናገሬ ምን ያስፈራቸዋል? በማግስቱ ለአሠሪ ኮሚቴው ነገርኩ። የደወሉ ስባሪ እንኳ ይገኝ እንደሆነ ተብሎ የግንበኛው ከረጢት በሰው ፊት ተራገፈ፤ ቱንቢ፣ ሲባጎ፣ መዶሻ፣ አንድ አሮጌ ጋቢ። ዕቃውን መልሶ ከተተና ያላለቀውን ግንብ ትቶ ወደ አገሩ ሄደ። መሄዱንም ለጥፋቱ ምስክር አደረግሁት።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሠራተኛ ድጅኖውን ማዕዘኑ ላይ ሲያስደግፍ ግንቡ ጮኸ። ግማሹ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ድምፁ ቢታፈንም አባቴ ለየው። በመዳፉ እየዳሰሰው አለቀሰ።

«ይህን ማን አስቀመጠው?» አለ።

«ግንበኛው ናቸዋ! ሲመቱት የሚናገር ድንጋይ ጤነኛ ነው፣ ማዕዘን ይይዛል ብለው። ስንሸከመው 'ቀስ በሉ፣ ይቺ ትናገራለች' ሲሉን ልጅዎም ቆማ ነበር።»

የተንጠለጠለበት ገመድ በስብሶ ከሌላው ድንጋይ ጋር ስለተቀላቀለ ደወል መሆኑን አንዳቸውም አላወቁም። አባቴ እንዳይነቀል ከለከለ፤ ማዕዘን ከተነካ እንደገና ይናዳል። እኔን «ሂጂ፣ ይቅርታ ጠይቂ» ብቻ አለኝ።

እስከዚህ ግንበኛውን «እሱ» እያልኩ የጻፍኩት አውቄ ነው፤ ያኔ በልቤ አንቱታ ነፍጌያቸው ነበር።

እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሜ ደሃና ደጃፋቸው ላይ ቆምኩ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ። ስምዎን አጠፋሁ።»

ድንጋዩን ከትከሻዬ አንሥተው እንደ ልማዳቸው በመዶሻ መቱት። ዱብ አለ፤ ስንጥቅ ነበረበት።

«ይቺ አትናገርም» አሉ። «ምነው ያን ቀን አንቺም እንደሷ በሆንሽ!»

ይቅር አሉኝ። ግንቡን ሊጨርሱ ግን አልተመለሱም። የላይኛው ፎቅ የሌላ ሰው እጅ ነው፤ በባጃጅ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ያርፋል።