የተረቱት ጎረቤታችን

ጥርሴን ሲያመኝ ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጬ እጉመጠመጣለሁ። ያ ጣዕም አፌ እንደገባ አባቴ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል፤ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው የደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጦ፣ በጣሳ የማቀብለውን የጨው ውሃ እያንገሸገሸው ሲተፋ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከላሊበላ ወደ ብልባላ መንገድ ላይ ባለችው መንደራችን አባቴ የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ዳኛ ነበር፤ ንግግር የሚያውቅ ሰው። ምላሱ ላይ ነቀርሳ ወጣበትና አዲስ አበባ ሄዶ ሐኪሞች ግማሹን ቆርጠው መለሱት። ነፍሱ ተረፈች፤ ንግግሩ ግን ተኮላተፈ። ሸንጎውን ተወ። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተወ። ሰው ሲመጣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይከናነባል።

እኛም አፉን ለመክፈት ጊዜ አልሰጠነውም። ገና ሲጀምር እናቴ ትጨርስለታለች፤ እሷ ከሌለች እኔ። ወዳጆቹ «እግዜር ይማርህ» ይሉና እርስ በርሳቸው ያወራሉ። በዚያ ሁሉ ላይ ጎረቤታችን ተጨመሩብን። በመስኖ ቦይ ክርክር አባቴ የፈረደባቸው ሰው ናቸው፤ በየማለዳው መጥተው ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ።

«ያ ፍርድህ አልገባኝም። በምን ምክንያት ነው የፈረድህብኝ?»

አባቴ ምራቁን እየጠረገ ይመልሳል።

«አልሰማሁም፤ ድገመው።»

ይደግማል። ላብ ያጠምቀዋል።

«አሁንም አልሰማሁም።»

እኔ ጓዳ ሆኜ እንጨረጨራለሁ። አንድ ቀን ሲወጡ እስከ አጥሩ ተከተልኋቸው።

«እባክዎ፣ የታመመ ሰው አያድክሙ። የቦዩ ነገር እንደሆን አልቋል።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ፍርዱስ ልክ ነበር፣ ልጄ። ከተቀበልሁት ቆየሁ። እናንተ ግን እየቀደማችሁ ትናገሩለታላችሁ። እንዲህ ከሆነ መናገሩን ጭራሽ ይተወዋል ብዬ ነው።»

ተናድጄ ተመለስሁ። ንዴቱ ወደ ራሴ እስኪዞር ሁለት ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

የገበያ ቀን ነበርና ጎረቤታችን ብልባላ ሄደዋል። አባቴ አንድ ነገር አጉረመረመ። ውሃ ፈልጎ ነው ብዬ ልነሣ ስል ተውሁትና አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«አባባ፣ አልሰማሁህም። ድገምልኝ።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ደገመው። «ፈራሁ» ነበር ያለው።

ፀሐዩ ከመደቡ ላይ እስኪሄድ አወራን። ሆስፒታል አጠገቡ ተኝቶ ስለነበረው፣ ነቀርሳው ስለተመለሰበት በሽተኛ ነገረኝ፤ አንድ ጠዋት ሲነቃ የዚያ ሰው አልጋ ባዶ ሆኖ እንደቆየው፣ የእሱም በሽታ ይመለሳል ብሎ እንደሚሰጋ። ለእናቴ እንኳ አልነገራትም ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ከጎረቤታችን ጋር ቤተ ክርስቲያን ተሳለመ፤ መንገድ ላይ ሲከራከሩ ከሩቅ ይሰማ ነበር።

ገብስ ሲታጨድ በሽታው ተመለሰ። የመጨረሻው ቀን እጄን ይዞ አንድ ነገር ነገረኝ። አልሰማሁትም። ለመድገም አቅም አልነበረውም፤ እኔም እንደ ሰማ ሰው ራሴን ነቀነቅሁለት።