ባዶ እጃቸውን የመጡት አስተዳዳሪ

ባለፈው ሰሞን የደም ግፊቴን ተለክቼ ስመለስ ንፋስ መውጫ ላይ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ጎረምሳ ነው። ከጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው ደግሞ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚጠብቅ መሆኑን ከወሬያቸው ተረዳሁ። ክርክራቸው ስለ አገር መሪ ነበር። ሾፌሩ «ቆራጥ ሰው ነው የሚያስፈልገን፤ ያለውን የሚፈጽም» ይላል። ጓደኛው «ቆራጥነት ብቻውን ምን ያደርጋል፤ የተማረ፣ ዓለምን ያወቀ መሆን አለበት» ብሎ ይመልሳል። ባጃጇ ጉድጓድ በመታች ቁጥር ክርክራቸው ይቋረጥና እንደገና ይቀጥላል። በመጨረሻ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «እማማ፣ እርስዎስ ምን ዓይነት መሪ ይሻላል ይላሉ?» አለኝ።

«የእኔ መልስ ከዚህ መንገድ ይረዝማል ልጄ፤ እዚህ ጋ አውርደኝ» ብዬ ወረድኩ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን የቀረችኝን መንገድ በእግሬ ስሄድ፣ ያ የከተማችን ነፋስ ነጠላዬን እየገፈፈ ሲያስቸግረኝ፣ ልቤ ከአርብ ገበያ ወዲያ ወዳለው አገሬ ወደ ጥድ አምባ ሄዶ ነበር። ወደ አቶ ደምሌ ክረምት። የእኛ ሰዎች ያን ክረምት እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው።

ያኔ ለጋብቻ የደረስኩ ልጃገረድ ነበርኩ። አባቴ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ግንዱ ወድቆበት ሞቶ፣ እናቴ ወገቧን ታማ፣ ታናናሽ እህቶቼና ቤቱ በእኔ እጅ ነበሩ። የነበረን ሀብት አንድ ቀይ በሬና አንዲት አህያ ነው። አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። ጎረቤታችን አያ ቢያድግም እንደዚሁ ባለ አንድ በሬ ስለነበሩ ሁለቱን አቀናጅተው የእነሱንም የእኛንም መሬት ያርሱ ነበር። አያ ቢያድግ ረጅም፣ ደረቅ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ የሚያስቁ ሰው ናቸው። የእኛ በሬ ከተሸጠ የእሳቸውም ቀንበር ተሰቅሎ ይቀራል፤ የእሳቸው ከተሸጠም የእኛ እርሻ ጦሙን ያድራል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ነሐሴ ሳያልቅ ቆመ። ገብሱ ዘለላ አውጥቶ ፍሬ ሳይቋጥር ነጭ ሆኖ ቀረ። ስንዴውማ ለከብት እንኳ አልሆነም። ፋሲካ ሳይደርስ የብዙ ሰው ጎተራ ተጠረገ። ግብጦ ወንዝ ውስጥ ዘፍዝፈን፣ ምሬቱ እስኪለቅ ጠብቀን መብላት ጀመርን። እሱም ሲያልቅ ሳማ በጨርቅ እየያዝን ለቅመን፣ ጭብጥ የገብስ ዱቄት ነስንሰንበት ቀቀልን። የሳማ ወጥ ጠረን እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ እርጥብ አፈርና ብረት ብረት የሚል። ዛሬ ልጆች ለጤና ጥሩ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ይሁን እንጂ ለእኔ አይወርድልኝም።

ግንቦት ላይ ሰው በሬውን እየጎተተ አርብ ገበያ መውረድ ጀመረ። ሻጩ በዝቶ ገዥው ስለጠፋ በሬ ማለት የአንድ ሰሞን እህል ሆነ። ያን በልቶ የጨረሰ ሰው ሰኔ ሲዘንብ በምን ያርሳል? ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን ልጅ እያለቀሰ ስለ ሰኔ ማሰብ የሚችል ማን ነው? እኔም ለሚቀጥለው አርብ ቀዩን በሬ ልወስደው ወስኜ ነበር። ለአያ ቢያድግ እንዴት እንደምነግራቸው ብቻ ነው የጨነቀኝ።

አቶ ደምሌ የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ገና የተሾሙ አስተዳዳሪ ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ፣ ለሹመት የተፈጠሩ የማይመስሉ ሰው። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ጥድ ሥር ተሰበሰበ። የመጣነው ግን ቀርተን ላለመቀጣት እንጂ ለመስማት አልነበረም። ከእሳቸው በፊት የመጡት ሹሞች ወፍጮ ይተከልላችኋል ብለው ነበር፤ መንገድ ይጠረግላችኋል ብለው ነበር። በፈረስ መጥተው፣ ጠቦት ታርዶላቸው፣ ተጨብጭቦላቸው ሄደዋል። ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን ያየ የለም። አያ ቢያድግ «ሹም ሲመጣ በግ ይታረዳል፤ ሲሄድ ተስፋችን» የሚሉት ነገር ነበራቸው።

አቶ ደምሌ ብዙ አልተናገሩም። «በሬያችሁን አትሽጡ። እህል እንዲላክ ተጠይቋል፤ ይላካል ተብያለሁ። ትንሽ ታገሡ ልላችሁ ነው የመጣሁት» አሉ።

ከዚያ አያ ቢያድግ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡና «ጌታው፣ ንግግርዎ ሸጋ ነው። እኛ ግን ሸጋ ንግግር በልተን የጠገብን ሰዎች ነን። ባይመጣስ?» አሏቸው።

ሰውየው አልተቆጡም። «ባይመጣም እኔ እመጣለሁ» አሉ። «ለሰኔ ሚካኤል እዚሁ ጥድ ሥር ታገኙኛላችሁ። እህሉ ቢመጣም ባይመጣም።»

የሽማግሌዎቹ ወግ ነውና እንዲህም ሆኖ ምሳ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ከየቤቱ ተለምና የተጋገረች ቂጣ ናት። አመስግነው «ለልጆቹ ስጡልኝ» ብለው በቅሏቸው ላይ ወጡ። አንዳንዱ «ንቆን ነው» አለ። እናቴ ግን «የተራበ ቤት ውስጥ አለመብላትን የሚያውቅ ሰው ነው» አለች።

የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ አያ ቢያድግ በራችን ላይ መጥተው ቆሙ። «ይታይሽ፣ ለአርብ አስበሽ እንደነበር ዓይንሽ ነግሮኛል» አሉኝ። አፈርኩ። «ምን ይሻላል ይላሉ አያ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ሰውየውን አላመንኩትም። ግን አንድ ነገር ነክቶኛል። እህል እሰጣችኋለሁ አላለም። እመጣለሁ ነው ያለው። ይህን ያህል ትንሽ ቃል የሰጠን ሹም እስከ ዛሬ የለም። ትንሽ ቃል ሊጠበቅ ይችላል።»

በሬዎቻችንን ሳንሸጥ ለመቆየት የተስማማነው እንዲህ ነው።

የጠበቅንበት ጊዜ በሕይወቴ ረጅሙ ነው። ታናሽ እህቴ እግሯ አብጦ ከመደብ መነሣት አቃታት። በግድግዳው በኩል ቀዩ በሬ ሲያመሰኳ እየሰማሁ ስንት ጊዜ «ምን ዓይነት ጨካኝ ነኝ» እንዳልኩ አላውቅም። የሰኔ ዝናብ ደግሞ እንደ መጥፎ ቀልድ በደንብ ጣለ። መሬቱ ረጠበ፤ አፈሩ እርሻ እርሻ ሸተተ። ገበሬው ግን እርፍ የሚጨብጥበት ጉልበትም የሚዘራው ዘርም አጥቶ በር ላይ ቆሞ ያየዋል። ከንፋስ መውጫ የሚወርደው መንገድ በጎርፍ ተንዶ መኪና አያሳልፍም የሚል ወሬ በአርብ ገበያ ነጋዴዎች በኩል ደረሰን። የዚያን ቀን ከእኛ በታች የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ሞቱ። ለቀብር የሄደው ሰው አስከሬኑን እየተፈራረቀ ለመሸከም እንኳ አቅም አልነበረውም።

ሰኔ ሚካኤል ሲደርስ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ጥዱ ሥር ቆመ። ይመጣሉ ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነው፤ ብዙው የቆመው አለመምጣታቸውን በዓይኑ አይቶ ለመርገም ይመስለኛል። ካፊያው ወደ ዶፍ ተለወጠ። ሰው ሊበተን ሲል ከቁልቁለቱ አንድ ሰው ብቅ አለ። በቅሎ የለውም፤ ካፖርቱ ከውሃው ብዛት ተጎትቷል፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አጠገባችን እስኪደርሱ አቶ ደምሌ መሆናቸውን አላወቅንም። በቅሏቸው ወንዙ ላይ አንሸራትቷት እዚያው ትተዋት መምጣታቸውን የሰማነው በኋላ ነው።

«እህሉ አልመጣም» አሉ ቆመው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

አንድ ድምፅ ከኋላ «በሬዬን ሸጬ ልጆቼን ባበላ ይሻለኝ ነበር» አለ።

«እውነትህን ነው» አሉት። «ምናልባት ይሻልህ ነበር። አትሽጡ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እህሉ ንፋስ መውጫ መጋዘን ገብቷል። መኪናው ግን የተናደውን መንገድ አያልፍም። በቅርቡ ይደርሳል በላቸው ተብያለሁ። በቅርቡ ማለት መቼ ነው ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አጣሁ። እኔ ያልገባኝን ቃል ለእናንተ ልሰጥ አልችልም።» ውሃውን ከፊታቸው ጠረጉ። «መኪና ባያልፍ አህያ ያልፋል። አህያ ያለው ከእኔ ጋር ይውጣ። መጋዘኑን ይከፍቱልናል ብዬ አልምልም። ከእናንተ ጋር በሩ ላይ ቆሜ እንደምጠይቅ ግን እምላለሁ።»

ሁሉም ዞሮ አያ ቢያድግን ተመለከተ። እሳቸው ዱላቸውን በጭቃው ላይ ጥቂት ሲያዞሩ ቆዩና «እስከ ዛሬ የመጣልን ሹም ሁሉ በደረቅ ቀን፣ በፈረስ፣ ደግ ወሬ ይዞ ነው የመጣው» አሉ። «ክፉ ወሬ ተሸክሞ በዝናብ በእግሩ የመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። እኔ አህያዬን ልጭን ሄድኩ።»

እኔም የእናታችንን አህያ ይዤ ወጣሁ። ሴት ልጅ ምን ልትሠራ ያለኝ ነበር፤ ከቤታችን ሌላ የሚሄድ ሰው ስላልነበረ ግን አልመለስኩም። መንገዱ ዳገት ነው፤ ጭቃው የአህዮቹን ሆድ ይነካል። አቶ ደምሌ አንዴ ከፊት ሆነው መሸጋገሪያ ይፈልጋሉ፤ አንዴ ከኋላ ሆነው የወደቀ አህያ በጅራቱ ያነሣሉ። አርብ ገበያ ስንደርስ አንዲት ሙስሊም ነጋዴ ከሱቋ በረንዳ አስጠልላ የተቀቀለ ባቄላ በሰፌድ አቀረበችልን። «ብሉ እንጂ፤ ባቄላ ጦም አያስገድፍም» አለች። አቶ ደምሌ ከዚያ ሰፌድ በሉ። ያን ጊዜ የእናቴ ንግግር ትዝ አለኝ።

ንፋስ መውጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዚያ ጉዞ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መጋዘኑ ላይ የቆመው ሰው ትእዛዝ ካልመጣ አልከፍትም አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። አቶ ደምሌ ወደ ቢሮ ገቡና ቆዩ። አንዱ «ወጥመድ ነው፤ እሱ እሳት እየሞቀ ነው» ብሎ አጉረመረመ። ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሯል። ቢሮው ገብተው እንዲያርፉ ቢለመኑም እምቢ ብለው እኛ ጋ መጥተው፣ ከጣራው በሚፈሰው ውሃ ሥር ከአህዮቹ መካከል ቆሙ። አብረውን ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ወደ በረኛው ሄዱና «ክፈተው ወንድሜ» አሉት። «ጠያቂ ሲመጣ ደምሌ ነው ያስከፈተኝ በል። እኔም አልክድህም።»

ሰውየው አያቸው፤ እኛንም አየን። ከዚያ ቁልፉን አወጣ።

የስንዴ ጆንያ ሲጫን የሚሰማውን ድምፅ መቼም አልረሳውም። አያ ቢያድግ ጆንያውን እየቆነጠሩ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉ ነበር። ስንመለስ እህቴ በሕይወት ጠበቀችን። ያላገኘናቸውም ነበሩ፤ እሱን ዘርዝሬ ልቤን አላደማም። ዘግይተንም ቢሆን ሁለቱን በሬዎች ጠምደን አረስን፤ መስከረም ላይ የጥድ አምባ ማሳ እንደገና አረንጓዴ ሆነ። በሬያቸውን የሸጡት ዘመዶቻችን መሬት ግን ጦሙን አደረ። አንዳንዶቹም ወደ እስቴና ወደ ቆላው ተሰደው እዚያው ቀሩ።

አቶ ደምሌ በዚያው ዓመት ከሥራቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ ተላኩ። ያለ ትእዛዝ በማስከፈታቸው ነው ተባለ። እኛ ልንሸኛቸው ወንዙ ድረስ ወረድን። ንግግር አድርጉ ቢባሉ «ምን ልናገር፤ መጨረሻ ላይ የሄዳችሁት በእግራችሁ ነው» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። እኔም ጊዜው ሲፈቅድ ተምሬ የጤና ረዳት ሆንኩ፤ እዚሁ ከተማ አገልግዬ ጡረታ ወጣሁ። በየገጠሩ ስዞር ስማቸውን የሚያውቅ ሰው እንዳለ እጠይቅ ነበር፤ አላገኘሁም።

አዲሱ አስተዳዳሪ ሲመጡ በፈረስ ነበር። ጥዱ ሥር ቆመው ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ድልድይ ብዙ ነገር ነገሩን። ስብሰባው ሊያበቃ ሲል አያ ቢያድግ እጃቸውን አነሡ። «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለን ጌታው። ሲያቅትዎ ይመጣሉ?»

ሰውየው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ከእኛ ግን የሳቀ አልነበረም። መልስ እስኪሰጡ ድረስ ማንም ከመቀመጫው አልተነሣም።

ዛሬ ሬዲዮ ስከፍት የምሰማው ንግግር ብዙ ነው። ባለሥልጣን ይሳሳታል፤ መንገድ ይናዳል፤ የተባለው እህል ይዘገያል። ይህን ሕዝብ አይረዳም የሚል ካለ ሕዝብን አያውቅም። ዝናብ የሚቀር መሆኑን ከገበሬ በላይ ማን ያውቃል? ሰው የሚከፋው ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር ሳይሆን፣ ሳይሳካ ሲቀር የሚነግረው ሲጠፋ ነው። ቆራጥነትም ትምህርትም መልካም ነው፤ አልጠላም። እኔ ግን አሁንም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ድምፁ ያማረ ሰው በሬዲዮ ስለ ነገ ሲነግረኝ ጆሮዬን አስጠግቼ የምሰማው፣ ያቃተው ቀን በእግሩ ይመጣ እንደሆነ ነው።